ምንም ያልቀረበት አርማ

አዲስ አርማ የሚያስመርቁ መሥሪያ ቤቶቻችን ኮሚቴ ይባረክ። መሃል ላይ ሉል አለ። ሉሉን የተጨባበጡ እጆች ታቅፈውታል። ከእጆቹ በላይ መጽሐፍ ተከፍቷል፤ ከመጽሐፉ ችቦ ወጥቷል፤ ከችቦው በላይ እርግብ ትበራለች። ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ፣ ከጀርባ የምትወጣ ፀሐይ። የአክሱም ሐውልትም የትም ቢሆን ቦታ አያጣም። ዙሪያውን ስሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ምን ቀረ? ምንም።

ደግሞ ፍትሐዊነቱ! የሰው ሀብት ክፍል እጆቹን አስገባ፣ ሥልጠና መጽሐፉን፣ ሕዝብ ግንኙነት እርግቧን። ሾፌሮቹ ተረሱ እንዳይባል ማርሽ ተጨመረ።

ከዚያ ማብራሪያው ይነበባል። አረንጓዴው ልማት ነው፤ ሰማያዊው ሰላም፤ ቢጫው ብሩህ ተስፋ፤ ነጩ ግልጸኝነት። ግልጸኝነትን ቀብቶ መገላገል ከተቻለ በሥራ ማሳየት ምን ያደርጋል?

የሚያሳዝኑት የአውሮፓ ባላባቶች ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጋሻቸው ላይ አርማ መሳል ሲጀምሩ ኮሚቴ አልነበራቸውም። ፊታቸው በብረት ቁር ተሸፍኗል፣ ሜዳው አቧራ ነው፣ ፈረሱ ይጋልባል። ከሩቅ የሚለያቸው ነገር ፈለጉ። አንድ አንበሳ። አንድ ንስር። አንዳንዱማ ሰያፍ መስመር አስምሮ ዘመተ። ድህነት ነው እንግዲህ!

ሕጋቸውም ንፉግ ነው። ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ «ብረት» ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ «ቀለም» ናቸው። ብረት በብረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ለምን? ከሩቅ እንዲታይ። እኛ ዘንድ ቢጫ ፀሐይ በነጭ ሰማይ ላይ ትወጣለች፤ ሰማያዊ እጅ አረንጓዴ ሉል ይይዛል። ከልካይ የለም።

ይባስ ብለው አርማቸውን በቃል ይጽፉታል፤ ብሌዘን ይሉታል። «ሰማያዊ ጋሻ፣ የወርቅ ሰያፍ መቀነት» ካሉት ሠዓሊው ሳያየው ይስለዋል። የእኛን በስልክ ነግሮ ለማሳል የሚሞክር ካለ በቂ ካርድ ይሙላ።

በዚሁ በወርቅ መቀነት ጉድ ፈልቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1385 የእንግሊዝ ጦር ስኮትላንድ ሲዘምት ስክሮፕና ግሮቭነር የሚባሉ ሁለት ባላባቶች ያንኑ አርማ ለብሰው ተገኙ። ተካሰሱ። በመቶ የሚቆጠር ምስክር ተሰማ፣ ዓመታት አለፉ፣ በመጨረሻ ስክሮፕ ረታ። በአንድ መስመር! እዚህ ግን አንድ ሕንፃ ላይ ስንት ድርጅት ሉልና የተጨባበጡ እጆች ሰቅሎ በጉርብትና ይኖራል። ማን ማንን ይከሳል? ከሳሹ ራሱ የራሱን ለይቶ አያሳይም። ይህ አንድነት ካልተባለ ምን አንድነት አለ?

በእርግጥ እኛም ድሮ ይህ ቁጥብነት ነበረብን። በንጉሡ ዘመን ባንዲራው ላይ አንድ አንበሳ ብቻ ነበር። ዘውድ ደፍቶ፣ ባለመስቀል ዘንግ ይዞ፣ የፊት እግሩን አንስቶ ይራመዳል። የአውሮፓ አርማ አዋቂዎች ይህን አረማመድ «ፓሳንት» ይሉታል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም የማን እንደሆነ ያውቀዋል። ያለ ማብራሪያ፣ ያለ ወርክሾፕ፣ ያለ አበል። ኧረ ነውር ነው።

የዛሬው አርማ ጥበቡ የሚወጣው ግን ክብ ማህተም ሲሆን ነው። ያ ሁሉ ሀብት ጠቦ ሐምራዊ ቀለም ሲነከር ስንዴው ከፀሐይዋ ይጋባል፤ እርግቧ ችቦው ውስጥ ትገባለች፤ ሉሉ እጆቹን ይውጣል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ሐምራዊ ክብ ነው። ለደኅንነትም ጥሩ ነው፤ አጭበርባሪ ምኑን አስመስሎ ይቀርጻል? መስኮቷ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ታዞራለች፣ ትገለብጠዋለች፣ መልሳ ታቃናዋለች።

«ማህተሙ አይታይም፤ አስደግመው ይምጡ።»