ሕፃኑም እጁን ይታጠብ

በጎንደር ቤት ከምግብ የሚቀድመው ማስታጠቢያው ነው። ከልጆቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በየተራ ያዞራል፤ ከእንግዶቹ ይጀምራል፣ በአባትና በእናት ያልፋል፣ ራሳቸውን ችለው መጉረስ በጀመሩት ልጆች ላይ ያበቃል። በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከመሶቡ ያልነቀለውን የስምንት ወር ሕፃን የሚያስታጥብ ሰው ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር። እሱ የገበታው ተካፋይ ተደርጎ አይቆጠርም። የሰው ዓይን እንዳያርፍበትም ስለሚፈራ ምግቡ ለብቻው ነው፤ ጓዳ ውስጥ በኩባያ ወይም በጡጦ የተዘጋጀ አጥሚት አለለት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይግቱታል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ስለዚያ ሕፃን እጅ ነው። ስድስት ወር የሞላውና ደገፍ ሲያደርጉት መቀመጥ የቻለ ልጅ ምግብን እንዲነካ፣ እንዲጨብጥ፣ ወደ አፉ እንዲወስድ፣ ካልፈለገውም እንዲተወው ሊፈቀድለት ይገባል። ልጅ ምን ይብላ የሚለው በጤና ጣቢያውም በሬዲዮውም ደጋግሞ ይነገራል። በማን እጅ ይብላ የሚለውን ጥያቄ ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

መጋትን የምቃወመው ሳላውቀው አይደለም። የመጀመሪያ ልጄን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ እጆቿን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ግራ መዳፌን አጎድጉጄ ከአፏ ሥር እደግንና በቀኜ ከኩባያው አንቆረቁርበታለሁ። ለመተንፈስ አፏን ስትከፍት ይገባል፤ ስታለቅስም ይገባል። ኩባያው ባዶ ሲሆን «ዛሬስ ጠገበችልኝ» ብዬ እፎይ እል ነበር። መጥገቧን የምለካው በኩባያው እንጂ በእሷ አልነበረም። ጨክኜ አይደለም፤ ልጄ እንዳትከሳብኝ ስለምሳሳ ነው፤ እናቶቻችንም እኛን ሲግቱ በዚያው ስስት ነበር። ነገር ግን በለቅሶ መካከል የሚንቆረቆር አጥሚት ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ልጅም እየተጨነቀች የምትውጠውን ነገር ልትወደው እንደማትችል በዚያን ጊዜ አላሰብሁም። መዘዙን ያየሁት ቆይቼ ነው። ኩባያ ስታይ ከንፈሯን ትገጥማለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አንዳች ጓጎል ያለ ነገር ምላሷ ላይ ካገኘች ያቅለሸልሻትና የበላችውን ሁሉ ታወጣዋለች። ዳቦ እንኳ ካልራሰ አትነካም፤ እኔም በሻይ እያራስሁ እሰጣት ነበር፤ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው የሚያግድ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ጡቱ ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። ይህን ያልሰማች እናት በከተማችን ጥቂት ናት። እምብዛም ያልተሰማው የምክሩ ቀጣይ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት በስምንት ወራቸው በእጃቸው ይዘው የሚበሉትን ምግብ መብላት ይችላሉ፤ በ12 ወራቸው ደግሞ ቤተሰቡ የሚበላውን ዓይነት ምግብ መመገብ ይችላሉ። ከላመው ወደ ጠንከር ያለው ምግብ የሚደረገው ሽግግር ከ10 ወር ካለፈ ልጁ ኋላ በአመጋገቡ የማስቸገር ዕድሉ ይጨምራል። የእኔ ልጅ የሆነችው ይኸው ነበር።

የሕፃን አካልም ይህንኑ የጊዜ ሰሌዳ ይከተላል። በስድስት ወር አካባቢ ምላሱ ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ገፍቶ ማውጣቱን ይተዋል፤ አንገቱ ይጠናል፤ ወገቡ መቀመጥን ይለምዳል። መጀመሪያ የሚይዘው በሙሉ መዳፉ ነው። ከስምንትና ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ግን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ማንሳት ይጀምራል፤ እንጀራ ለመቁረስ የሚያስፈልገው ያው የጣት ሥራ ነው። በእጁ ለሚበላ ሕዝብ ይህን ማስተማር ከማንም ይልቅ ሊቀለው ሲገባ፣ ጊዜው ሲደርስ የልጁን እጅ በነጠላ እንጠቀልላለን። ለጉርሻ ያለንን ፍቅር አልዘነጋሁትም፤ ነገር ግን ጉርሻ የሚሰጠው አፉን ለከፈተ ሰው ነው።

እኔን ያስተማረኝ ሁለተኛው ልጄ ነው። ሰባት ወሩ ነበር። ምሳ ላይ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ከአልጫው አንድ የድንች ቁራጭ ላፍ አደረገ። አማቴ «ኧረ ያንቀዋል፣ ተቀበይው!» አሉ። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ድንቹ በጣቶቹ መካከል እንደ ጭቃ ሾልኮ ሲወጣ አይቼ ተውሁት። መዳፉን ከፍቶ ተመለከተው። እንደገና ጨበጠው። ከዚያ ጡጫውን እንዳለ ወደ አፉ ወሰደና ከአይበሉባው ላይ የተለጠፈውን ላሰ። እርዱ ጣቶቹን ቢጫ አድርጓቸዋል። ፊቱን አጨማደደ፣ ጥቂት ቆየ፣ እጁንም ዳግመኛ ወደ ትሪው ሰደደ። የዋጠው ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት ጉርሻ አይሞላም። አማቴ እስኪጨርስ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም፤ ከምግብ በኋላ ልታስታጥብ የመጣችውን ልጅ ግን «ነይማ፣ ለዚህም አፍስሽለት» አሏት።

የአልጫው ጣዕም ለእሱ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። እናት የበላችው ነጭ ሽንኩርት በሰዓታት ውስጥ ሽታው በወተቷ ይገኛል፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን የቤቱን ወጥ ከመብላቱ በፊት በዚህ መንገድ ጥቂት በጥቂት ይለማመደዋል። ያም ሆኖ ሰው በተፈጥሮው ወደ ጣፋጭ ያደላል፣ ከመራራና ከጎምዛዛ ይሸሻል። ስለዚህ ሕፃን ጎመን ሲቀምስ ፊቱን ቢያጨማድድ መገረሙ እንጂ መጥላቱ አይደለም። አንድን አዲስ ጣዕም እስኪቀበል ድረስ ስምንትና አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። በየቤታችን ግን ሁለት ጊዜ ከተፋው «ይህ ልጅ ጎመን አይወድም» ይባልና ጎመኑ ለዘለዓለም ከእሱ ይርቃል፤ በምትኩ ብስኩት ይገዛል። ብስኩቱን ማንም ሁለት ጊዜ ማቅመስ አያስፈልገውም፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ምን እንስጠው ለሚል ወላጅ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ማየት ይበቃል። በእንፋሎት ወይም በውሃ በደንብ የበሰለ ዱባ፣ ካሮት፣ ድንችና ስኳር ድንች በአዋቂ ጣት ርዝመት ተቆርጦ ቢሰጠው ግማሹን በመዳፉ ይዞ ግማሹን በድዱ ያደቅቀዋል። የመብሰሉ ልክ በእናት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መካከል በቀላሉ መላሙ ነው። የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ፓፓያ ምድጃም አይፈልጉም። ሽንብራ ደምቢያ የታወቀበት እህል ነው፤ ተቀቅሎ፣ ልጣጩ ተገፎና ተፈጭቶ እንጀራ ላይ በስሱ ቢቀባ ለልጅ ጥሩ ምግብ ይሆናል። ከጣና የሚመጣው ቀረሶ የተባለው ዓሣ እሾሁ በጥንቃቄ እስከተለቀመ ድረስ ለስላሳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እንቁላልንና ጉበትን አነሳለሁ፤ ምክንያቱም ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ክምችት በስድስት ወር አካባቢ ይመናመናል፣ የጡት ወተት ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። አጥሚት ብቻውን ይህን ጉድለት አይሞላም። ጨውና ስኳር እስከ አንድ ዓመት ባይገቡበት ይሻላል። ማር ደግሞ ምንም ያህል ንጹሕ የወለላ ማር ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ የሚገኝበት ጀርም ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነውና።

እንቁላል ሲነሳ ጾም መነሳቱ አይቀርም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለሰባት ወር ሕፃን ይህ ከዕድሜው ሩብ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም፤ እናቶችም ይህን ያውቃሉ። የሚያግዳቸው ዕቃው ነው። የፍስኩ ድስት ታጥቦ ከተሰቀለ በኋላ ለአንድ እንቁላል ብሎ የጾሙን ድስትና ቢላ ማነካካት ለብዙ እናት ከባድ ነው፤ ይህን ስሜት አከብረዋለሁ፤ በራሴ ቤትም አለ። መፍትሔው ለልጁ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስትና አንድ ቢላ መለየት ነው። የንስሐ አባቶች በየቤቱ ሲገቡ ይህን አንድ ቃል ቢናገሩ ከማናችንም ይልቅ ይሰማሉ።

አማቴ የፈሩትን ነገርም በቀላሉ አላልፈውም፤ መታነቅ ሕፃን ይገድላል። መፍራት ያለብን ግን ከበሰለው ድንች ይልቅ ቡና ሲፈላ ከተበተነው ቄጠማ መካከል የወደቀችውን የቆሎ ፍሬ ነው። መዳህ የጀመረ ልጅ ቆንጥሮ ማንሳትን የሚለማመደው በእሷ ነው። ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከልጅ አጠገብ መራቅ አለባቸው፤ ጥሬ ካሮትም ለሕፃን አይሆንም። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ሰው አጠገቡ ይኑር፣ እየዳኸ ወይም ተኝቶ አይብላ። ልጅ ፊቱ ቀልቶ እየሳለና ድምፅ እያሰማ ከሆነ ራሱ እያወጣው ነውና አትንኩት። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በክንድ ላይ በደረቱ ማስተኛት፣ በመዳፍ ሥር በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣለት ገልብጦ በሁለት ጣት የደረቱን መካከል አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ ይህንኑ እያፈራረቁ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። የማይታየውን ነገር በጣት መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ሌላው የሚነሳው ተቃውሞ ንጽሕና ነው፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ጀሪካን በሚደረደርበት ከተማ የልጅን እጅ በየሰዓቱ ማጠብ ቀላል አይደለም፤ በቆሸሸ እጅ የሚገባው ተቅማጥም ልጅን ያከሳል። ነገር ግን የተቀቀለ ምግብ በንጹሕ እጅ ሲያዝ፣ ጫፉ በወጉ ሳይታጠብ ከቀን ወደ ቀን ከሚቆይ ጡጦ የተሻለ ነው። ለሕፃን ሁለት እጅ አንድ ሲኒ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ደግሞስ ይህን ማን ይሳነዋል? እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እዚህ ጎንደር ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በቡድን እያሠለጠነ ወደ አገሩ ሁሉ ሲልክ ሳሙናና ንጹሕ ውሃ የትምህርቱ አካል ነበሩ።

የእጅ ነገር ብቻውን ረሃብን እንደማያጠፋ አውቃለሁ። የእንቁላል ዋጋ ለብዙ ቤት ከአቅም በላይ ሆኗል፤ እንቁላል የሌለበትን ቤት እናት መውቀስ አልሻም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚበቃውን የምግብ ዓይነትና የመመገቢያ ብዛት፣ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ጤፍና ሽንብራ በሚያበቅል ምድር ላይ ልጆች የሚቀነጭሩት እህል ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ልጁ ስለማይደርስም ጭምር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

አንድ ክፍተት ግን ዛሬውኑ ሊደፈን ይችላል። በመደበኛው የክትባት ሰሌዳ እናት ልጇን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ታመጣለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠበቀው በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ ክትባት ነው። ልጇ ምግብ የሚጀምርበት ስድስተኛው ወር በዚህ ክፍተት መካከል ይወድቃል፤ የሚመክራት አማቷ ወይም ጎረቤቷ ነው። የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚጀመረው በዚያው በስድስት ወር ነውና ጠብታውን ምክንያት አድርጎ እናትን፣ ከተቻለም አያትን መጥራት ይቻላል። ስትመጣም ፖስተር ከማሳየት ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን እጅ አስታጥባ የተቀቀለ ድንች ታስይዘው፤ ድንቹ በጣቶቹ መካከል ሾልኮ እስኪወጣና ቀሪውን እስኪልስ ድረስም እናቲቱም አያቲቱም ተቀምጠው ይመልከቱ።