አረንጓዴው ምንጣፍ ይነሣልን

«ክረምት ሲገባ መሬት አረንጓዴ ምንጣፍ ትለብሳለች፤ ወፎችም ይዘምራሉ።» ይህን ያላረመ የአማርኛ መምህር በጎጃም ይኖራል ብዬ አላምንም። የሞጣውም፣ የቡሬውም፣ የደጀኑም ተማሪ ሥዕላዊ ድርሰት ጻፍ ሲባል የሚዘረጋው ይህንኑ ምንጣፍ ነው። የጤፍ ማሳ ሲያርም ያደገ፣ የሐምሌን ጭቃ በባዶ እግሩ የሚያውቅ ልጅ ቤቱ የሌለውን ምንጣፍ ሲጽፍ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጽፈን «ጀምሩ» ስንል ቶሎ የሚመጣለት የሸመደደው ሐረግ ነው።

እኔ የምለው ድርሰት ከመጻፉ በፊት በክፍል ውስጥ ቃል የሌለው ሙዚቃ፣ በተለይም የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ይሰማ ነው። ዘፈን ቢሆን ግጥሙ ቀድሞ ቃል ያቀብላል። ዋሽንትም ገና ሲነፋ እረኛውን ከነበጎቹ ያመጣል። ለባዕድ ዜማ ግን በቃል የተያዘ ሐረግ የለንም።

የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ስሜታና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ስለ ቭልታቫ ወንዝ የደረሰውን ሥራ እንውሰድ። መጀመሪያ ፍሉቶች ይንፎለፎላሉ፤ ክላርኔቶች ይከተላሉ፤ ሁለት ምንጮች መሆናቸው ነው። ቫዮሊኖቹ ሰፊውን ዜማ ይዘው ይወርዳሉ፤ ቆይቶ የገጠር ሰርግ ይጨፈራል፤ ውኃው ከቋጥኝ ይላተማል። ሰውየው ይህን ሲጽፍ የመስማት ችሎታውን ፈጽሞ አጥቶ ነበር። ግሽ ዓባይን ወይም ጢስ ዓባይን ያየ ልጅ ለዚህ ድምፅ እንግዳ አይሆንም። ሆኖም መምህሩ የወንዝ ነገር መሆኑን አስቀድሞ እንዳይናገር፤ ከተናገረ ክፍሉ በሙሉ «ዓባይ የወንዞች ሁሉ አባት» ብሎ ይጀምራል።

ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር እስክሪብቶ አይነሣም። በሁለተኛው ግሥ ብቻ ይጻፋል፦ ተንጠባጠበ፣ ተንዶቀዶቀ፣ ተገማሸረ፣ አጉረመረመ። ከዚያ ሙዚቃው ይጠፋና ድርሰቱ በጸጥታ ይጻፋል። ልጆች ሲጽፉ ከጀርባ ሙዚቃ መልቀቅን አልወደውም፤ ጆሮና እጅ ይሻማሉ።

«የፈረንጅ ነገር ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዲማና ዋሸራ ያሉት በዚሁ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ መምህሩ አይቀበለውም። በየቀኑ አዲስ የሚጠይቅ ጉባኤ ባለበት አገር፣ ዘመናዊው ክፍል ለተደጋገመ ሐረግ ማርክ ሲሰጥ ያሳፍራል።

ትምህርት ቤት መከፈቱ ራሱ በሚያጠያይቅበት በዚህ የግጭት ጊዜ ሙዚቃ ማንሣት ቅንጦት ነው የሚለው ተቃውሞ ግን ይከብደኛል። የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሥራ በጀት አይጠብቅም። ስልክና አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ካለ፣ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሰማል። ሙከራው ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ቢጀመር ደግሞ ይሻላል፤ እጩ መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ሰምቶ ይጻፍ፣ የጻፈውንም ቆሞ ለጓደኞቹ ያንብብ።