ብሩክስን ያቆማት መጀመሪያ ውሃ ነው
በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ስላለችው ብሩክስ ባወጣችሁት ጽሑፍ "የሥጋ ፋብሪካ የፈጠራት ከተማ" ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። ፋብሪካው ሳይታሰብ ከተማዋን ያቆማት ውሃ ነው። ያ የአልበርታ ክፍል ዝናብ የማይበረክትበት ደረቅ ሜዳ ነው። የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ መሬቱን ለገበሬ ለመሸጥ ሲል ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኮንክሪት ቦይ በምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ ሠራ። በ1914 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አለቀ፤ እስከ 1979 ውሃ አስተላለፈ። በ1935 ደግሞ ገበሬዎቹ መስኖውን ከኩባንያው ተረክበው ራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ። ይህን የሚያህል ታሪክ እንዴት በጽሑፋችሁ አንድ መስመር አጣ? ከላይ በአስተያየትህ ብሩክስን "ሜዳና ንፋስ ብቻ" ያልካት ወንድሜ፣ ንፋሱ እንኳ እውነት ነው፤ በብርዱ ወራት ፊት ይገርፋል። ሰዉን ግን አትርሳ። በ2005 የፋብሪካው ሠራተኞች ሥራ አቁመው በር ላይ ተሰለፉ። ብዙዎቹ ከሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኛም አገር የመጡ ነበሩ። አሠሪው ቢያንገራግርም የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት አስፈርመዋል። በዚያችው ዓመት ነው ብሩክስ በሕግ የ"ሲቲ"፣ ማለትም የትልቅ ከተማ ደረጃ ያገኘችው፤ በኛ ዓይን ግን አሁንም ትንሽ ከተማ ናት፣ ገበያ ከወጣህ የሚያውቅህ ሰው አይጠፋም።