«ልባችሁን አንሡ» ሲባል የኛ ልብ የት ነበር?

ባለፈው እሑድ ፒያሳ አካባቢ ካሉት አድባራት በአንዱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ቅዳሴው ተጋምሷል። ቄሱ ከመቅደስ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለታቸው ነው። ከዛፉ ሥር የቆምነው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» አልን። በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን ማለት ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬም መለሰ። እንደጨረሰ ስልኩን ጆሮው ላይ መልሶ «እሺ፣ ኩንታሉን ስንት አሉ?» አለ።

ልቆጣው ዞር አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። እኔም ያንን መልስ ስሰጥ የማስበው የቤት ኪራይ ነበር። እሱ በአፉ ያደረገውን እኔ በሆዴ አድርጌዋለሁ። የእኔ አልተሰማም እንጂ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሥጋ ወደሙ፣ የጌታ ሥጋና ደም፣ በሚከብርበት ሰዓት፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆመን፣ በዜማ እንዋሻለን። ያውም በየሳምንቱ።

ቅዳሴን ለካህናት ብቻ የተሰጠ ሥራ አድርገን ይዘነዋል። ሥርዓቱ ግን ለእኛም ድርሻ ሰጥቶናል። ተሰጥዎ ይባላል፤ ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሠሃለነ» የምንለው እኛ ነን። ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ማለት ያለብን እኛ ነን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለመቀደስ ቢያንስ 5 ልዑካን ይቆማሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። እነሱ ከውስጥ ይጠሩናል፣ እኛ ከውጭ እንመልሳለን። አንድ ትልቅ ሰው ቤቱ ጠርቷችሁ ሲያናግራችሁ ዞር ብላችሁ ከሌላ ሰው ጋር ወሬ ብትይዙ ምን ይላል?

አሁን ተሰጥዎውን ለድምፅ ማጉያ ትተነዋል። ማይክራፎን የያዘ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ይመልስልናል። እኛ ግቢው ውስጥ ሰላም እየተባባልን እንመላለሳለን። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይባላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥን ጤነኞች ንቅንቅ አንልም። ለታመመና ለደከመ ሰው አይደለም የምናገረው፤ እሱን ቤተ ክርስቲያንም ትረዳዋለች። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይባላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ነው። እኛ ወደ መዳፋችን ነው የምናየው። «ግዕዝ ስለማልችል ነው» የምትሉ አላችሁ። መጽሐፈ ቅዳሴው ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ታትሞ ይሸጣል። የእንግሊዝ ክለቦችን አሰላለፍ በቃሉ የያዘ ወጣት ሃያና ሠላሳ መልስ መያዝ አያቅተውም።

ስለ መዘግየቱስ ምን ልበል? «እትዉ በሰላም»፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ተብሎ ልንሰናበት አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንደርሳለን። ግድግዳውን ተሳልመን፣ ጠበል ጠጥተን፣ ቁርስ ወደምንበላበት ካፌ እንሄዳለን። «ዛሬ ቅዳሴ ሄጄ ነበር» እንላለን ደግሞ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአራት ኪሎ ሲያልፍ ለሥላሴ የሚያማትብ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ እሱን አልነካም። ሰውዬው መንገደኛ ነው። እኛ ግን እሑድ ጠዋት ሌላ መንገድ አልነበረብንም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ራቅ ወዳሉ ሰፈሮች ሄደ። ሆኖም ወር በገባ በ23 ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚመጡ እናቶች አሉ። ከቅዳሴው በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት ሳይጀመር ይደርሳሉ። እነዚህ እናቶች ከዚያ ሁሉ ርቀት እየቀደሙን በእግር አሥር ደቂቃ የምንርቅ እኛ ምን እንላለን? ያ ቤት እኮ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን እሳት ለቆበት፣ ከነፃነት በኋላ ታድሶ ነው ዛሬ የሚቀደስበት። ዛሬ ማንም አልከለከለንም። በሩ ከሌሊት ጀምሮ ክፍት ነው።

ከሁሉ የሚያመኝን ልንገራችሁ። የቅዳሴው መጨረሻ ላይ ቆማችሁ ማን እንደሚቆርብ እዩ። በእናቶቻቸው የታቀፉ ሕፃናት ይቀርባሉ። ቀጥሎ ጥቂት ባልቴቶችና ሽማግሌዎች። መሐሉ የለም። የሃያ አምስት ዓመቱ፣ የሠላሳው፣ የአርባ አምስቱ የት ገባ? እዚያው አለ እኮ! ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ ቆሞ ያያል። ድግስ ተጠርቶ ሄዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማዕዱ ሲቀርብ ተነሥቶ እንደሚወጣ እንግዳ ሆነናል። ባለቤቱን ደግሞ በየሳምንቱ ነው እንዲህ የምናደርገው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁና። «ገና ነኝ። ላግባና። ሳረጅ እደርሳለሁ።» የቆረበ ወጣት ከሰው ጋር ተጫውቶ ሲስቅ ከታየም «ቆራቢ ነኝ ይላል ደግሞ» እያልን በሐሜት የምናባርረው እኛው ነን። ፍርሃቱ ከመልካም ቦታ እንደመጣ አይጠፋኝም። አባቶቻችን ያንን ጽዋ ሲያከብሩ አይተን ነው የፈራነው። ግን «አልበቃሁም» የሚለው ቃል ሃያ ዓመት ሲደጋገም ትሕትናው ያልቅና ማመካኛ ብቻ ይቀራል። ደግሞስ መጾም ይከብደናል እንዴ? ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። እኛ 55 ቀን ዐቢይ ጾም የምንጾም ሕዝብ ነን። 55 ቀን ጾመን፣ በትንሣኤ ሌሊት ሥጋ ወደሙ ቀርቦልን ሳለ ወደ ዶሮ ወጡ እንሮጣለን። ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

የንስሐ አባታችንንም እንዲሁ አድርገናቸዋል። ስልካቸው ተመዝግቧል። የምንደውለው ለፍትሐትና ለተዝካር ነው። ሰው ሲሞትብን የምናስታውሳቸውን አባት በሕይወት እያለን ምን ሠራን ብለን አናማክራቸውም።

ጥምቀትንም ላንሣ። በከተራ ታቦታቱን አጅበን እስከ ጃንሜዳ እንዘልቃለን። ያማረ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሁላችንም ኮርተናል። የሚያሰጋኝ ለራሳችንም ቅርስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ቅርስ ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሣል። ሌሊት ሲቀደስ ብዙዎቻችን አልጋችን ላይ ነን። ጠዋት ለመረጨት እንመጣለን። ታቦቱ ሲያልፍ ደግሞ ከሚሰግደው ይልቅ ስልኩን ወደ ላይ የያዘው ይበዛል።

አባቶቼ ካህናት፣ በእናንተ ላይ ቃል ማንሣት የእኔ ቦታ አይደለም። አንድ ነገር ግን እግራችሁ ሥር ሆኜ እለምናችኋለሁ። የምንመልሰውን ትርጉም አስተምሩን። ከስብከቱ ላይ አምስት ደቂቃ ስጡት። ብዙዎቻችን ምን እንዳልን ሳናውቅ ነው ያረጀነው።

እናንተ ደግሞ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የፊታችን እሑድ ቀደም ብላችሁ ኑ። ስልኩ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ልጆቻችሁን ከፊታችሁ አቁሟቸው፤ ስትመልሱ አፋችሁን ይዩ። ንስሐ አባታችሁን ሳምንቱ ሳያልቅ አግኟቸው፤ ማን ሞተ ብለው ቢደነግጡ ማንም አልሞተም በሏቸው። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል ልባችሁ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው መልሱን ተዉት። «ጌታዬ፣ ልቤ እዚህ የለም፤ አንተ አምጣልኝ» በሉ። ባለፈው እሑድ እኔ ማለት የነበረብኝ እሱን ነበር። በዚህኛው እሑድ እላለሁ። ያ ሰውዬም ከመጣ አጠገቡ እቆማለሁ።