ባንዲራ መስቀል ሥጋ አያበስልም
ግድግዳን በአሜሪካ ባንዲራና በመኪና ታርጋ መሸፈን ሥጋ ማብሰልን ይተካል? ትናንት ማታ እዚሁ ጎንደር፣ «የአሜሪካ ባርና ግሪል» በሚባል ቤት ያዘዝነው የጎድን ጥብስ ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቆን ሲመጣ፣ ላዩ ከስሎ ውስጡ ደም ያዘለ፣ በካቻፕ የተለወሰ አጥንት ነበር። ጥሬ ብንፈልግ ኖሮ ቁርጥ ቤት መች ጠፋ? የአሜሪካኖቹ ባርቤኪው እኮ በለዘብተኛ እሳትና በጢስ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚበስል እንጂ በችኮላ ነበልባል ላይ የሚወረወር አይደለም። በርገሩስ? የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ እንዳይበላ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ራሱ ይመክራል፤ የእኛው መሃሉ ገና ቀዝቃዛ ነበር። አስተናጋጁን ብንጠይቀው «አሠራሩ እንዲህ ነው» አለን። እሱ ምን ያድርግ፣ ያሠለጠነው የለም! በሂሳቡ ላይ ግን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሯል። የትኛው አገልግሎት? ከዚያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሥጋ ቤት፣ በሸክላ ላይ እየተንጫጫ የጥብስ ቅጠሉ የሚሸት ጥብስ በትኩሱ ይቀርባል። የፋሲልን ግንብ ለማየት ከሩቅ የመጣ እንግዳ የዚያን «የአሜሪካ» ቤት ማዕድ ቀምሶ ከከተማችን መሄዱ ያሳፍረኛል፤ ያናድደኛልም።