ደንገልን ከእምቦጭ ጋር አትደምሩት

ሰሞኑን ባሕር ዳር በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ ባለሙያ የጣና ዳር ዕፅዋት በሙሉ ለነዳጅ ምንጭነት ይጠኑ ብለዋል። ባሕሩን የወረረው አረም እምቦጩም፣ ፊላውም፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውሃ ሣር ደንገሉም። ምክንያታቸው በነጻ ይበቅላሉ የሚል ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

በነጻ? የምኑ ነጻ ነው? እምቦጭ ከ100 እጁ ከ90 በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ከባሕሩ አውጡና ፀሐይ ላይ አስጡት። ሲደርቅ የምታገኙት 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ውሃ ማን ጎተተው? የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ነዋ! እስከ ወገቡ ገብቶ፣ ቆዳውን እያሳከከው፣ ሥሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈውን አረም በእጁ እየነቀለ ወደ ዳር ይስባል። የተከመረውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ላዩ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ እጅ ሲከቱበት ግን ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ይሸታል። ይህን የጫነ መኪና ናፍጣ እያቃጠለ የሚያመላልሰው ውሃ ነው። ማድረቂያው ሌላ ነዳጅ ይበላል። ደርቆ ሲነድ ደግሞ አመዱ ብዙ ነው። ነዳጅ አቃጥሎ ውሃ ማመላለስን ነዳጅ ማምረት የሚለው ሒሳብ ከየት የመጣ ነው?

ባዮጋዝ ከሆነ ይሁን። እዚያ እርጥበቱ አያስቸግርም፤ ከእበት ጋር ተደባልቆ ጋዝ ይወጣዋል። ዳር ላይ ከሚበሰብስ የአንድ ቤት ወጥ ቢያበስል ደስ ይለኛል። ከዚያ ያለፈው ግን አይዋጥልኝም። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሕዝቡ ላቡን ያፈሰሰው ሊያጠፋው ነው። ፋብሪካ የተተከለለት አረም አይጠፋም። ጥሬ ዕቃዬ ይለቅ የሚል ባለፋብሪካ የለም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የደንገሉ ነገር ነው። እምቦጭ መጤ ነው። ደንገል የጣና የገዛ ልጁ ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚወርደውን ደለል ይይዛል። የዓሣ ጫጩት ሥሩ ይሸሸጋል፣ ወፍ ጎጆዋን ትሠራበታለች። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው። ለባሕር ሸሽ እርሻ፣ ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው መሬት ላይ ለሚታረሰው፣ እየተመነጠረ ስንቱ ዳርቻ ራቁቱን ቀርቷል! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ስፍራነት፣ ሲመዘግብ ይህ ሁሉ አብሮ ነው የተመዘገበው። ታንኳ ሠሪው ከደጁ ያጭደው የነበረውን ደንገል ዛሬ ርቆ ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘው ቀጭንና አጭር ሆኖበት የሚመለስበት ቀን አለ። የተረፈችውን እፍኝ ደንገል ነው እንግዲህ በካሎሪ እንመዝናት የሚባለው።

ጥናቱ የግድ ነው ከተባለ እምቦጩን አጥኑ፤ ገበሬው ጉልበቱ ተከፍሎት፣ ናፍጣውም ተቆጥሮ። ደንገሉ ግን ከዝርዝሩ ይውጣ። ዛሬውኑ።