እርሳሱ መቼ ተቆልፎ ነበር?

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አዲሱን የምስል መሥሪያ ከለቀቀ ወዲህ የሠርጉን ፎቶ፣ የልጁን ልደትና የድመቱን እንቅልፍ ጂብሊ ወደተባለው የጃፓን አኒሜሽን ስቱዲዮ የአሣሣል መልክ ያልቀየረ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የኩባንያው ኃላፊ ሳም አልትማንም የገጻቸውን ፎቶ በዚያው መልክ ቀይረዋል፤ ቆየት ብለው በሰጡት ቃለ መጠይቅ ደግሞ የፈጠራ ሥራ ለሁሉም መከፈቱ፣ ጉዳት ባያጣም፣ በድምሩ ለኅብረተሰቡ ትርፍ መሆኑን ተናግረዋል። በጨዋታው የተደሰተውን ሰው አልወቅስም። ያስቆጣኝ ሥዕል እስከ ዛሬ በጥቂቶች እጅ ታስሮ ኖሮ አሁን ነፃ ወጣ የሚለው፣ ማንም ሳይመረምረው እንደ እውነት የተያዘው ወሬ ነው።

ለመሆኑ እርሳስና ወረቀት መቼ ተቆልፎባቸው ነበር? እንደ እርሳስ ርካሽ፣ እንደ እርሳስም የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ መሣሪያ የለም። ለጥቂቶች ብቻ የቀረው ትዕግሥቱ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም ከማንም አልቀማም። በአንጻሩ «ለሁሉም የተከፈተው» መሣሪያ ያለው በአንድ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው፤ ኩባንያው ሲፈልግ ያስከፍልበታል፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት አንዲት የማትንቀሳቀስ ሥዕልን ከአኒሜሽን ፊልም ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። በአንዲት ሴኮንድ 24 ፍሬሞች፣ ማለትም ነጠላ ምስሎች፣ ያልፋሉ፤ አንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ቢይዝ እንኳ ለሴኮንዷ 12 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ዋናው አኒሜተር የእንቅስቃሴውን ወሳኝ አቋሞች ይሥላል፤ የአኒሜሽን ዳይሬክተሩ በላያቸው ሌላ ወረቀት አንጥፎ ያርማል፤ ከዚያ የመሃል ሥዕል የሚሠራው ሰው ወረቀቶቹን ከሥሩ በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ደራርቦ፣ በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ፣ በሁለቱ አቋሞች መካከል የጎደለውን ይፈልጋል። «አሰልቺ የጉልበት ሥራ ስለሆነ ማሽን ቢረከበው ሠዓሊው እፎይ ይላል» የሚባልለት ወንበር ይህ ነው። እንዲህ የሚል ሰው አንዲት አሮጊት ከበርጩማ ስትነሣ ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ወደ ፊት ታዘነብላለች፣ እጇ ጉልበቷን ይፈልጋል፣ ክብደቷ ወደ እግሯ እስኪዞር ትዘገያለች፣ ወገቧ የሚቃናው ከዚያ በኋላ ነው። በመቀመጧና በመቆሟ መካከል ያለውን ርቀት እኩል ለእኩል የከፋፈለ ሰው የሣለው አሮጊት ሳይሆን ሊፍት ነው። ሥዕሎቹ ሲቀራረቡ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሲራራቁ ይፈጥናል፤ ዕድሜዋም፣ የጉልበቷ ሕመምም፣ «ልደግፍሽ» ያላትን ልጅ እጅ የገፋችበት ኩራትም የሚታየው በእነዚህ ክፍተቶች አለካክ ነው። ጉልበቱን ታሞ የማያውቅ ማሽን ይህን ከየት ያመጣዋል?

እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው የጂብሊ ፊልም «ልዕልት ሞኖኖኬ» 144,000 ያህል ሥዕሎች እንደተሠሩና የፊልሙ ዳይሬክተር ሀያዎ ሚያዛኪ ወደ 80,000 የሚጠጉትን ራሳቸው እንዳዩና እንዳረሙ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ፊልም ውስጥ ደግሞ ብዙ ሕዝብ የሚተራመስበት የአራት ሴኮንድ ትዕይንት አለ፤ አኒሜተሩ ኤይጂ ያማሞሪ እርሱን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶበታል። ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ የወደደው ያንን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው። መልኩን ብቻ ገፎ ፎቶው ላይ የለጠፈ ሰው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ያልሰማ መሆን አለበት።

(ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለተሠራ አኒሜሽን በቁጣ የተናገሩትን ብዙዎች እየመዘዙ ይጠቅሳሉ። እርሳቸው ያኔ የተቆጡት መሬት ለመሬት በሚሳብ ዘግናኝ የኮምፒውተር ፍጡር ስለነበረ እኔ አልጠቅሰውም፤ የሥራ ጠረጴዛቸው ይበቃኛል።)

የኮምፒውተር ጠላት አይደለሁም። ጂብሊ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀለም የሚቀባው በኮምፒውተር ነው፤ ድሮ ሥዕሉ ይገለበጥበት ለነበረው ግልጽ ፕላስቲክም አላለቅስም። ነገር ግን ቀለም መቀባት ሌላ፣ መስመሩ የት እንደሚያርፍ መወሰን ሌላ ነው። ሁለቱን አደባልቀው «ያው ቴክኖሎጂ ነው» የሚሉን ሰዎች ወይ አያውቁም፣ ወይ እያወቁ ይሸጡልናል።

«አሰልቺ» የተባለውን ወንበር ለማሽን እንስጥ ለሚሉት አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1963 ቶኤይ የተባለው የቶኪዮ ስቱዲዮ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ቀጥሮ በዚያው ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ሥራው በሌሎች ሠዓሊዎች አቋሞች መካከል የጎደሉትን ሥዕሎች መሙላት ነበር። ወጣቱ ሀያዎ ሚያዛኪ ይባላል።